ኮሌጅ ያጩልኝ ሽማግሌዎች

በእኛ ጊዜ ከውትድርና የተመለሰን ሰው ዕቅድህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ይመለሳል፣ በሬ ይጠምዳል፣ ሚስት ያመጡለታል፣ አለቀ። ታዲያ ማስተዋል፣ አንቺ በዚህ ዝናብ ከቡሬ ድረስ መጥተሽ "ጋሼ፣ ወንድሜ ይሁኔ በሚቀጥለው ወር ከሠራዊቱ ይወጣል፣ ኮሌጅ መግባት ይፈልጋል፣ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ማን ይቀመጣል ይላል፤ እርስዎ እንዴት ነው የገቡት?" ስትይኝ ዝም ያልኩት ሳልሰማሽ ቀርቼ አይደለም። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ስልክሽን እንደከፈትሽ አይቻለሁ፤ ቅጂው፣ ግድ የለም። ይሁኔ ሲሰማው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይስማው፤ ግማሹን ሰምቶ እንዳይስቅብኝ።

ስለ ጦርነቱ አላወራም። እሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። የማወራው ስለ ሽማግሌዎቹ ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፍኖተ ሰላም ጨረስኩ፤ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ እና ማንኩሳ አጠገብ አባቴ ዘንድ ተመልሼ ሳርስ ስንት ክረምት አለፈ፤ ታዲያ ያ የድንበር ጦርነት ሲመጣ ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ ተይው። ሄድኩ። እና ግንባር ላይ ከአንድ የደምበጫ ልጅ ጋር አንድ ምሽግ ደረሰን። አስማረ ይባላል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲናገር እጁን ያወናጭፋል፤ በዚያ ጠባብ ምሽግ ውስጥ ስንቴ በክርኑ እንደመታኝ። ሰው ሁሉ በቦርሳው ሹራብ ሲይዝ እሱ የሂሳብ መጽሐፍ ይዞ መጥቷል።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት።

"ጦርነቱ ሲያልቅ ኮሌጅ ልገባበት። አስተማሪ እሆናለሁ።"

"ካላለቀስ?"

"ጦርነቱ ካላለቀ መጽሐፉ ያልቃል" አለኝ።

እና እውነትም መጽሐፉ ማለቅ ጀመረ። ለምን በይኝ። ትምባሆ አለ፣ መጠቅለያ ወረቀት የለም። ሃምሳ አለቃችን አጫሽ ነው፤ አጫሽ ብቻ አይደለም፣ አዛዥም ነው። ታዲያ መጽሐፉን እያየ "ይሄ ነገር ያነበባችሁት ገጽ ምን ይሠራላችኋል?" ይላል። አስማረ ተከራከረ፣ ተለማመጠ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ አጫሾቹ ከኋላ ይጀምሩ፣ እኛ ከፊት እናነባለን፣ መሃል ላይ እንገናኛለን። ስምምነቱ መልካም ነበር። ግን እነሱ ከእኛ ይልቅ ትጉህ ነበሩ። እኛ አንድ ምዕራፍ ሳንጨርስ እነሱ ሁለት ይጨርሳሉ። ያ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ የማዕዘኑና የቁመቱ ነገር ያለበት፣ በአንድ ሳምንት ሄደ። በትምህርት ላይ ስንት ዘመን ቆየሁ፤ ከዚያ ምዕራፍ የሃምሳ አለቃን ያህል የረካ ሰው አላየሁም።

አስማረ ግን ያን ምዕራፍ ቀድሞ ያውቀዋል። እና ገጹ ሲሄድ ባየ ጊዜ "ና ወዲህ" አለኝ። ፊት ለፊታችን አንድ ኮረብታ ነበር። የማን እንደነበር አትጠይቂኝ። "ይሄ ኮረብታ ቁመቱ ስንት ነው?" አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ከሞርታር ተኳሾቹ ዘንድ ሄዶ እስከ ኮረብታው ያለውን ርቀት ጠየቀ፤ እነሱ ያውቁታል፣ ሥራቸው ነው። ከዚያ ጠጠር ያሰረበትን ክር በሸንበቆ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማዕዘኑን ለካ፤ እና በሳንጃው በምሽጉ ግድግዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ሠራና "በል አስላው" አለኝ። በነጋ ቁጥር ያንኑ ያሠራኛል። ዝናብ ግድግዳውን ሲያጥበው እንደገና ይሥለዋል። ያን ኮረብታ ጠላሁት። ቁመቱን ግን አወቅሁት።

ዕቅዱን ያወጣነው እዚያ ነው። "አንደኛ፣ መውጣት" አለ አስማረ። "ሁለተኛ፣ አገር ቤት መድረስ። ሦስተኛ፣ ውለን ሳናድር መመዝገብ። አንድ ክፍል እንከራይና በአንድ ፍራሽ እንተኛለን፤ ከዚህ አይብስም" አለ።

አስማረ አንደኛው ላይ ቀረ።

ይኸው ነው። ከተጨሰው የተረፈው መጽሐፍ ለእኔ ደረሰኝ። ዕቅዱም እንደዚያው።

ታዲያ ጦርነቱ አበቃ፣ እኔም ከሚቀነሱት ውስጥ ገባሁ፤ እና ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በሰኞ ቀን ወረድኩ። ኮሌጁ የሚመዘግበው እስከ ዓርብ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ሳልወጣ ጀምሮ ሳስጠይቅ ነው የከረምኩት። ዕቅዴ ከመናኸሪያው በቀጥታ ኮሌጅ ሄጄ፣ ተመዝግቤ፣ ከዚያ ወደ ቤት ነው። ኮሌጁ የየትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው፣ ይበቃሻል።

በዕቅዱ ውስጥ አንድ ነገር ረስተናል። ዘመድ የሚባለውን። መናኸሪያው ውስጥ አንድ የማንኩሳ ሰው አየኝ፤ ዶሮ ይዞ ነበር፤ ዶሮውን ለቀቀው። "ቢያድግልኝ ነህ ወይስ መንፈስህ ነው?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። አላመነም፤ ነካካኝ። ደብዳቤ መላክ ከተውኩ ቆይቼ ነበርና አገሩ ሁሉ ሞቷል ብሎ ተስፋ ቆርጧል። እና ሰውየው እጄን ይዞ በመኪና ጭኖ ወሰደኝ። የዶሮውን መጨረሻ አላውቅም።

ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ዘመድ ሁሉ ከየአገሩ እየመጣ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ይለዋል፤ ሁሉም አይቶት እስኪያልቅ ከደጅ አይወጣም። ሊጠይቅ የመጣ ሰው አጥቶት ቢመለስ ስድብ ነው። አባቴ ዳስ ጣለ። አክስቴ መጣች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳበሰች ቆጠረች፤ ሙሉ ሲሆኑባት እንደገና ቆጠረች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "የት መታህ?" ይላል። "አልመታኝም" እላለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ይሉና ትንሽ ቅር ይላቸዋል። ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥተው ጠባሳ እንኳ አላሳየኋቸውም።

ታዲያ በማግሥቱ "አባዬ፣ ከተማ ደርሼ ልምጣ፤ የኮሌጅ ምዝገባ አለብኝ" አልኩት።

"የእናትህ ወንድም ከቡሬ ይመጣል። እሱ ሳያይህ የት ትሄዳለህ?"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"በግ ሊገዛልህ ገበያ እየጠበቀ ነው።"

ረቡዕ ጠየቅሁት። "ገበያው ነገ ነው" አለ። ሐሙስ ጠየቅሁት። "በጉን ገዝቷል፣ በእግሩ እየነዳው ነው" አለ። ዓርብ እንደገና ጠየቅሁት። አባቴ ያን ጊዜ ቁጣ ቁጣ አለው። "ከሞት የተረፈ ልጅህን አሳየኝ ብሎ የመጣን ሰው ኮሌጅ ሄዷል ልበለው? አንት ልጅ፣ ኮሌጁ አይሰደብም፤ ሰው ነው የሚሰደበው" አለኝ። እና ተቀመጥኩ። ታዝዤ መቀመጥ ለምጄ ነው የመጣሁት።

አጎቴ ቅዳሜ ጠዋት በጉን እየጎተተ ደረሰ። ሰባ ያለ በግ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሥጋውን ስጎርስ ኮሌጄን የምጎርስ ነው የመሰለኝ። እንግዳው ከሄደ በኋላ አባቴን "ምዝገባው ትናንት ተዘጋ" አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

አባቴ ይቅርታ የሚሉት ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ እንዳርስለት ይፈልግ ነበር፤ አንዲት ልጅም አይቶልኝ ነበር። ደስ ሊለው በተገባ። አላለውም። "የዚያ ኮሌጅ ባለቤቱ ማነው?" አለ።

"መንግሥት ነው።"

"ቤቱ ውስጥ የሚያዘውስ?"

"ዲን ይባላል።"

"ሰው ነው?"

"ሰው ነው።"

"እንግዲያው ይለመናል" አለና ተኛ።

እኔ ነገሩን ረሳሁት። ሰኞ ማለዳ ልሞክር ብዬ ብቻዬን ሄድኩ፤ ያለኝ ጫማ የወታደር ነው፣ እሱን ወልውዬ። የመዝጋቢው መስኮት ላይ ያለው ሰው ቀና እንኳ ሳይል "አልፏል" አለኝ። ወታደር ነበርኩ አልኩት። "አልፏል" አለኝ። እና ፊቴን ሳዞር በግቢው መካከል ሦስት ጋቢ ቆሞ አየሁ።

ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ከፊት አያ ውበቱ ናቸው፤ በአካባቢያችን አያ ውበቱ ጠይቀው ያላመጡት ሙሽራ የለም። ከጎናቸው የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላ። ከኋላ አያ ጥሩነህ። አያ ጥሩነህ ሥራቸው ዝም ማለት ነው። ሽማግሌ ሲላክ አንድ ዝም የሚል ያስፈልጋል፤ ያኛው ወገን ይሄ ሰው ምን እያሰበ ነው ብሎ ይጨነቃል። አባቴ ሰው የሚለመንበትን ሌላ መንገድ አያውቅም። ሚስት ሊያመጣልኝ የሚልካቸውን ሰዎች ኮሌጅ ላካቸው።

እኔ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ገባሁ። ከጥይት እንደዚያ ተሸሽጌ አላውቅም።

ዲኑ ከቢሮው ወጣ። የወሎ ሰው ነው፣ መነጽር ያደርጋል። በረንዳው ላይ ሆኖ "ግቡ፣ ተቀመጡ" አላቸው።

"መቀመጡ ይደርሳል። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ ውበቱ።

ዲኑ ደነገጠ። ሽማግሌ ኮሌጅ ድረስ የሚመጣው አንዲት ልጅ ላይ አንድ ነገር ሲደርስ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከመምህሮቼ የበደላችሁ አለ?" አለ።

"የበደለን የለም። እናንተ ደህና ቤት እንዳላችሁ ሰማን። እኛም ደህና ልጅ አለን። ኮሌጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"

ተማሪዎቹ ሊስቁ ጀመሩ፤ ዲኑ ዞር ብሎ ሲያያቸው ዝም አሉ። እሱም የገበሬ ልጅ ነው መሰለኝ ገባው። ከበረንዳው ወረደና እንደነሱ ቆመ። ሽማግሌ ቆሞ እሱ ከፍ ብሎ አይሆንማ። ጸሐፊዋም ወጥታ ቆመች።

"የማን ልጅ ነው?" አለ።

አያ ውበቱ የአባቴን አባት፣ የእሱን አባት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩለት። ዲኑ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማና "ጥሩ ነው፤ ከኮሌጁ ጋር ዝምድና አልተገኘበትም" አለ። "ሙያውስ?"

"ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ከዘመቻ ደግሞ ምሽግ መቆፈር ተምሮ መጥቷል፤ የሚቆፈር ካላችሁ ይቆፍራል።"

"ጠባዩስ?"

"አይናገርም" አሉ ቄስ ሞላ። "የነፍስ አባቱ ነኝ፤ ለኔም አይናገርም።"

"ከዚህ በፊት ሌላ ኮሌጅ ጠይቆ ያውቃል?"

አያ ውበቱ ደረታቸውን ነፉ። "ዓይኑን ወደ ሌላ አንስቶ አያውቅም" አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። መቆፈሩን ደግሞ እችልበታለሁ።

ታዲያ ዲኑ ፈገግታውን ተወና "ለምን በጊዜው አልመጣም? ሌላው ሰው ተመዝግቦ አልቋል" አላቸው። አያ ውበቱ አልተከላከሉም። ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና "ሰኞ ደርሶ ነበር" አሉ። "ያስቀረነው እኛ ነን። ሞቷል ብለን አልቅሰን ጨርሰን ነበርና በድንገት ሲመጣ አቅፈን ያዝነው። ሂድ ማለት አቃተን። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ለልጁ አታድርጉበት።"

ዲኑ አያ ጥሩነህን አየ። አያ ጥሩነህ መልሰው አዩት፤ ምንም አላሉም። "ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ከቤተ ዘመድ ጋር ልማከር፤ ሐሙስ ተመለሱ" አለ።

ሦስቱም ፊታቸው በራ። እምቢ ያለ ቤት ቀጠሮ አይሰጥም። ዲኑ "እንግዲህ አሁን ተቀመጡ" ቢላቸው "ሐሙስ እንቀመጣለን" ብለው ሄዱ። እኔ በአጥሩ በኩል ወጣሁ።

ማታ አባቴ "የት ዋልክ?" አለኝ። ከተማ አልኩት። "ምን አየህ?" አለኝ። ምንም አልኩት። "ጥሩ" አለ።

ሐሙስ አልሄድኩም። ቃሉን ያመጡልን አያ ውበቱ ናቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ በየሠርጉ ሲያወሩት ኖረዋል። ዲኑ ከመምህራኑ ጋር ተማክሯል። መስኮቱ ላይ ያለው መዝጋቢ "አልፏል" ብሎ ነበር አሉ፤ ለሁሉም "አልፏል" ነው የሚለው። ግን ለዘገዩ ሰዎች የሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ነበር፤ ያን ልፈተን፣ ካለፍኩ ልገባ ፈቅደዋል። አያ ውበቱ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "ሙሽራ ይፈተናል?" አሉ።

"እኛ ቤት ይፈተናል" አለ ዲኑ።

"ፈተናው ከባድ ነው?"

"ከባድ ነው።"

አያ ውበቱ አሰቡ አሰቡና "እንግዲያው ቤቱ የክብር ቤት ነው" ብለው ተቀመጡ። አያ ጥሩነህም ተቀመጡ። ያን ቀን ነው ውሃ እንኳ የጠጡላቸው።

ታዲያ ፈተናው ደረሰ። መጀመሪያ ያለው ሁሉ ከመጽሐፉ ፊት ነው፤ እሱን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። እጄ አልቆመም። ገጹን ስገልጥ ግን ሃምሳ አለቃ ያጨሰው ምዕራፍ መጣ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ካልመለስኩት እንደማላልፍ አውቃለሁ። አንድ ሰው ከግንብ ይህን ያህል ርቆ ቆሞ፣ ጫፉን በዚህ ማዕዘን ቢያይ፣ የግንቡ ቁመት ስንት ነው ይላል። ግንብ አልታይ አለኝ። ኮረብታው ነው የመጣብኝ። ክሩ፣ ሸንበቆው፣ ያ የሚያወናጭፈው እጅ፣ "በል አስላው" የሚለው። እና ግንቡን ትቼ ኮረብታውን ሣልኩት፤ ሠራሁት፤ መልሱን ሳገኝ ቀና ብዬ ሰዓት የሚጠብቀውን መምህር አየሁት። ምን ሆነህ ነው አለኝ። ጭስ ነው አልኩት። ጭስ አልነበረም።

አለፍኩ። በጥቂት ነው፤ ይበቃል።

ይሁኔ እዚህ ላይ እንዳይዘጋው፤ ዋናው ገና ነው። መግባት ቀላል ነበር። ሽማግሌም ኮረብታም አገዘኝ። መቀመጥ ነው ያቃተኝ።

ያ መጻፊያው ከጎኑ የተገጠመለት ወንበር ለኔ አልተሠራም፤ ጉልበቴ አይገባም። ልጆቹ "ጋሼ" ይሉኛል። በዚያ ላይ ሽማግሌዎቹን ያዩ ነበሩና "ጋሼ ሙሽራው" አሉኝ፤ ስሜን የሚያውቅ ጠፋ። ይሄን ቻልኩት። ግን የክፍሉ በር ብረት ነው። ነፋስ ሲመታው ይጋጫል። እና በተጋጨ ቁጥር እኔ ራሴን ከወንበሩ ሥር አገኘዋለሁ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ልጆቹ መጀመሪያ የማስቃቸው መሰላቸው፤ ሳቁ። ቀልደኛ ነው ተባልኩ። እኔን። ከዚያ አንዳንዱ ሆን ብሎ በሩን ይገፋው ጀመር። ክፋት አልነበረበትም፤ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ከወንበሩ ሥር ወጣሁ፣ ማንንም አላየሁም፣ ብርድ ልብሴን ጠቀለልኩ፣ ማንኩሳ ገባሁ።

አባቴ ብርድ ልብሱን አየ። "ዕረፍት ነው?" አለኝ። በማግሥቱ በሬዎቹን ጠመድኩ።

ሌላ ዲን ቢሆን ስሜን ሰርዞ ይተወኝ ነበር። ዲኑ አልሰረዘም። በአንድ ገበያተኛ አፍ ወደ አያ ውበቱ ላከ፤ "ሙሽራው ቤቱን ጥሎ ወጥቷልና ዋሶቹ ይሰብሰቡ፣ እኔም እመጣለሁ" አለ። አየሽ፣ ሽማግሌ ሆኖ የጠየቀ ሰው ዋስ ነው። ጋብቻው ቢናጋ የሚጠራው እሱ ነው። አባቴ ይህን አላሰበበትም፣ እኔም አላሰብኩበትም። ዲኑ አስቦበታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኛ ደጅ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ አባቴ፣ እና ዲኑ ራሱ፤ ከአውቶቡሱ ወርዶ በእግሩ ሲመጣ ጫማው ጭቃ ሆኗል። አንድ ወገን ላይ እኔን አስቀመጡኝ፣ ፊት ለፊቴ እሱን። የኮሌጁ ወገን እሱ ነው።

"ምን በደለችህ?" አሉኝ አያ ውበቱ።

"ማን?"

"ኮሌጂቱ ናታ።"

"ወንበሩ ይጠባል።"

"ሌላስ?"

"ልጆቹ ጋሼ ይሉኛል።"

"ማክበራቸው ነው። ሌላስ?"

አያ ጥሩነህ ያን ዝምታቸውን ይዘው ያዩኛል፤ እሱ ነው ያናገረኝ። "በሩ ሲጮህ እወድቃለሁ" አልኩ በመጨረሻ። "ከወንበር ሥር ነው ራሴን የማገኘው። ይስቃሉ።"

አንድ ሰው አልሳቀም። አባቴ አንገቱን ደፋ። ከመጣሁ ጀምሮ የት መታህ ያላለኝ ሰው የለም፤ መልሱን የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ።

ዲኑ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "በሩን አላወቅሁም ነበር" አለ። "የኔ ጥፋት ነው።"

አያ ውበቱ ፈረዱ። "አንቱ የበሩን ነገር ያስተካክሉ። አንተ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሳታኮርፍ ትቀመጥላታለህ። ፋሲካ ላይ አልሆነልኝም ብትል እኛው መጥተን እናፋታሃለን። ከዚያ በፊት ግን የጠየቅሁት ጋብቻ ሲፈርስ አላይም" አሉ። ተነሥታችሁ ሳሙ ተባልን፤ ዲኑና እኔ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ቄስ ሞላ አሳረጉ።

ቀና ስል አባቴ የለም። ከቤት ወጣ፤ ብርድ ልብሴን ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሟል። "አውቶቡሱ ሊያልፍ ነው" አለኝ። "በሬዎቹን እኔ እጠምዳለሁ።" ከዚያ በላይ አልተናገረም። መንገዱ ድረስ ብርድ ልብሱን አልሰጠኝም፣ ራሱ ነው የተሸከመው።

ሰኞ ክፍል ስገባ ዲኑ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ መሬት ተቀምጧል፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጠውን በበሩ የእንጨት መቃን ላይ ይቸነክራል። መዶሻ መያዝ አያውቅም። ተቀብዬ እኔ ጨረስኩት። ያ በር ከዚያ ወዲያ አልጮኸም። ፋሲካ ሲደርስ አያ ውበቱ በልጅ ልጃቸው "እንዴት ናችሁ?" ብለው ላኩብኝ። ደህና ነን አልኳቸው። እና ጨረስኩ። እና አስተማሪ ሆንኩ። ሂሳብ ነው ያስተማርኩት፣ ታውቂያለሽ። ያን ምዕራፍ ሳስተምር ግንብ ሥዬ አላውቅም።

ለይሁኔ እንዲህ በይው። ዕቅድ ያውጣ፣ ጥሩ ነው። በዕቅዱ ውስጥ ግን ዘመድን ያስገባ፤ ያስቀሩታልም ያስገቡታልም። እና በሩ ቢጮህበት ይናገር። እንደኔ ብርድ ልብሱን አይጠቅልል።

ምን አልሽ? ዛሬ ምዝገባው በኮምፒውተር ነው? ሽማግሌ የሚቆምበት ደጅ የለውም?

ያን ኮምፒውተር የሚከፍተው ሰው ነው?

ሰው ከሆነ ይለመናል። ጋቢዬን ከሳጥኑ አውጪልኝና ይናፈስ። አያ ውበቱ የሉም፤ መናገሩን እንደምንም እኔ እናገራለሁ። ቄስ እናገኛለን። የሚቸግረኝ ሦስተኛው ነው፤ ዝም የሚል ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይመጣል?

ማስተዋል ስልኩን እየዘጋች ሳቀች። "ለሱማ እርስዎ ነበሩ ጋሼ፤ ዛሬ ግን ይኸው ተናግረው ተበላሹ።"